ሬንጅ አልሸጥልህም ያሉኝ እናት

ቤታችንን ጨርሰን የገባነው ግንቦት ላይ ነበር። እኔ መካነ ሰላም የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ናት። ቦታውን ያገኘነው ከእናቷ ነው። ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከፊት በኩል ቤቱ ከፍ ብሎ ከተማውን ቁልቁል ያያል፤ ከኋላ ግን ግድግዳው እስከ ወገቡ ድረስ አፈር ውስጥ ተቀብሯል። ሦስት ክፍል በብሎኬት ሠራን። ከመታጠቢያ ቤቱ በላይ፣ ልብስ ማስጫ ይሆነናል ብለን፣ ትንሽ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ፣ ሶሌታ፣ አስሞላን፤ የቀረውን ቆርቆሮ አለበስነው። የአማቴን አሮጌ የጭቃ ቤት አላፈረስነውም፤ ማድቤት አደረግነው። ግቢው ጥግ ላይ ደግሞ ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ የምናጠራቅምበት የሲሚንቶ ገንዳ አስቆፈርን። ቧንቧው ሲፈልግ በሚመጣበት፣ ሳይፈልግ በሚቀርበት ሰፈር ገንዳ ማለት ትልቅ ነገር ነው።

በዚያው ክረምት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ የባለቤቴ አጎት ቤቱን ሊመርቁልን ከከላላ በበቅሎ መጥተው ምሳ በልተው ተቀምጠዋል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ሽማግሌው ጀርባቸውን ለኋላው ግድግዳ ሰጥተው ሲጫወቱ ቆዩና ድንገት እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ጋቢያቸውን ዳሰሱ።

«ልጆች፣ ይኼ ግድግዳችሁ ያልበዋል እንዴ?» አሉ።

ሳቄን ለመደበቅ ተነሥቼ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄድኩ። እዚያ ከሶሌታው ሥር ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ሳቄ እዚያው ቀረ። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ቆርቆሮው በሚስማሮቹ ሥር ማንጠባጠብ ጀመረ፤ የማድቤቱ የጭቃ ግድግዳም ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ መሬት ነጥሮ ሲረጨው ሥር ሥሩ ተበላ።

የሒሳብ ሰው ነኝና ነገሩን አቃለልኩት። ውኃ ውኃ ነው፤ እንግዲያው መከላከያውም አንድ ነው አልኩ። ደሴ ላይ አንድ ጊዜ የፎቅ መሠረት በሬንጅ ሲቀባ ቆሜ አይቻለሁ፤ በቃኝ። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ አንድ በርሜል ሬንጅ በጭነት መኪና አስመጣሁ። በእንጨት እሳት አቅልጬ በመጥረጊያ ቀባሁ። የኋላውን ግድግዳ ከውስጥ በኩል ቀባሁ። ሶሌታውን ቀባሁ። የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ቀባሁ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ቀባሁ። የማድቤቱን የጭቃ ግድግዳ ከውጭ በኩል እስከ ወገቡ ቀባሁ። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ቆማ ካየችኝ በኋላ፣

«ቀጥሎ እኛን ነው የምትቀባን?» አለች።

ግንቦት ተመልሶ ሲመጣ የቀባሁት ሁሉ ተበላሽቶ ነበር። የኋላው ግድግዳ ላይ ሬንጁ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውኃ ቋጥሮ አበጠ፤ በላዩ የቀባሁትን ቢጫ ቀለም ይዞ እየተገነጠለ ወደቀ። የሶሌታው ሬንጅ በየካቲት ፀሐይ ሲቀልጥ በማለዳ ውርጭ ሲሰነጠቅ ከረመ፤ የባለቤቴ ነጭ ነጠላ ጥቁር መስመር ተሰመረበት። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ሴራሚክ ቢለጠፍ አልይዝ አለ። ከሁሉም ልቤን የሰበረው ግን ማድቤቱ ነው። የቀባሁት ገና ከክረምቱ እርጥብ ሳለ ነበርና ውኃው መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ጭዱን አበሰበሰው። አንድ ቀን ሬንጁ ጭቃውን ታቅፎ በሰፊው ተገሽልጦ ወደቀ፤ የግድግዳው እንጨት ራቁቱን ቀረ። ባለቤቴ የተወለደችው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። የወደቀውን ጭቃ በመጥረጊያ ወደ ግድግዳው ሥር ሰበሰበችው።

እኔ ግን ገና አልተማርኩም ነበር። የተሳሳትኩት ስስ አድርጌ በመቀባቴ ነው ብዬ አሰብኩ። በዚያ ላይ ገንዳው ሌሊት ሌሊት ውኃ እያፈሰሰ ነበርና እሱንም ልደፍነው ፈለግኩ። የቀረችኝ ሬንጅ ለሁሉም ስለማትበቃ ገበያው ጫፍ፣ የጭነት መኪኖች የሚራገፉበት ፊት ለፊት ወዳለው የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሄድኩ።

ባለመደብሯ ስድሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው። ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያስራሉ፤ ጣቶቻቸው ወፍራምና ሻካራ ናቸው፤ ሲሚንቶ ብዙ የነካው እጅ ያስታውቃል። ከተማው ሁሉ እማማ ይላቸዋል። እስላሙም ክርስቲያኑም።

«አሰላሙ አለይኩም እማማ፤ እንደምን ዋሉ? ሬንጅ አለ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አለ። ለምን ቦታ ነው?»

«ለቤት ነው።»

«ቤት ብዙ ቦታ አለው። ለየትኛው?»

«በመጀመሪያ ለውኃ ገንዳ ነው፣ ከውስጥ ለመቀባት።»

ሚስማር የሚመዝኑበትን ሰሐን አስቀመጡና ቀና ብለው አዩኝ። «ከገንዳው ትጠጣላችሁ?»

«አዎ፣ እንጠጣለን።»

«እንግዲያው አልሸጥልህም።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ወረፋ የያዘ ገበሬ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። አፈርኩ፤ ያፈርኩትንም በቁጣ ለመሸፈን፣ «እሺ፣ ለኋላው ግድግዳና ለማድቤቱ ይሁን» አልኩ።

«ማድቤቱ ምንድን ነው? ብሎኬት ነው?»

«ጭቃ ነው።»

«ያረቢ!» አሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «መምህር አይደለህም እንዴ? ልጄ፣ ዛሬ ምንም አልሸጥልህም። ቤትህን ሳላይ ምንም አልሸጥልህም። ሲዘንብ እመጣለሁ።»

«ሲዘንብ?»

«ታዲያ ደረቅ ቤት ምን ይነግረኛል? ሐኪም የሚመረምረው በሽተኛው ሲያመው አይደለም?»

ለባለቤቴ ስነግራት ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። «የሚመጡ አይመስለኝም» አልኳት። «ይመጣሉ» አለች፤ «አንተ የከተማው ልጅ ነኝ ትላለህ እንጂ ሰውን አታውቅም።»

መጡ። የሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ሲያጉረመርም ውሎ ከዙሁር ሶላት በኋላ ዝናቡን ሲለቀው፣ እማማ የወንድ ቦቲ ጫማ ተጫምተው፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው፣ ጭቃውን እየረገጡ ዳገቱን ወጡ። መደብሩን ለልጃቸው ትተው ነው የመጡት። ሻይ ይጠጡ ብንላቸው፣ «ዝናቡ ሳያባራ» ብለው አልፈውን ገቡ።

የኋላው ግድግዳ ዘንድ ቆሙና መዳፋቸውን ለጠፉበት። መጀመሪያ በጉልበት ልክ፣ ቀጥሎ በወገብ፣ ቀጥሎ በራሳቸው ቁመት። እያንዳንዱ ላይ ቆየት ይላሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«ከታች እርጥብ ነው፤ ከላይ ደረቅ። ይኼ ከጣሪያ የሚመጣ አይደለም፤ ከአፈሩ ነው» አሉ። «ሬንጅህን በየት በኩል ነው የቀባኸው?»

«በዚህ በኩል። ከውስጥ።»

«ውኃው ከኋላው እየገፋው እንዴት ይቆምልሃል? ነፋስ ከኋላው የሚገፋው ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቆያል? ከውጭ ብትቀባው ኖሮ ውኃው ራሱ ሬንጁን ከግድግዳው ጋር ይጫንልህ ነበር። እዚህስ ሬንጅ ትክክል ነው። ቦታው እንጂ።»

ከዚያ ወደ ጓዳ፣ ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ወደ ሶሌታው። ጣሪያውን ከሥር አንጋጠው አይተው የሚያንጠባጥቡት ሚስማሮች ጎማ እንደሌላቸው፣ የተመቱትም በቆርቆሮው ሸለቆ ላይ እንደሆነ ነገሩኝ። «ሚስማር ጉብታው ላይ ነው የሚመታው። ሸለቆው የውኃ መንገድ ነው፤ መንገድ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል?» መልሱ ይኼን ያህል ቀላል ነበር፤ ጎማ ያለው ሚስማር ጉብታው ላይ፣ አሮጌውን ቀዳዳ መድፈን፣ በቃ። እኔ ግን አንድ ሙሉ ቀን ጣሪያ ላይ ተንበርክኬ ሬንጅ ስቀባ ውዬ ነበር።

ማድቤቱ ጋ ሲደርሱ በርከክ አሉ። የወደቀውን ጭቃ ከመሬት አንስተው በጣታቸው ፈረከሱት፤ አሸተቱት። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

«የእናትሽ ቤት ነው?»

«አዎ እማማ።»

«አብሽሪ። ይድናል» አሏት። ባለቤቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወደ እኔ ሲዞሩ ድምፃቸው ተለወጠ። «ይኼን ቤት ምንም እንዳትቀባው። ሬንጅ አይደለም፣ የፕላስቲክ ቀለም እንኳ። ጭቃ ይተነፍሳል፤ ክረምት የጠጣውን በጋ ይመልሳል። አንተ አፉን ዘጋህበት። ጣሪያውን ክንድ ያህል ወደ ውጭ አስረዝምለት፤ ሥሩን እስከ ጉልበት በድንጋይ አንሣው። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተህ ሳምንት አሳድረውና ምረገው፤ ስትፈልግ ኖራ ቀባው። ሌላ አይፈልግም።»

ዝናቡ እስኪያባራ ማድቤቱ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ያኔ ሻዩን ጠጡ፤ ይኼን ሁሉ ከየት እንዳወቁት ስጠይቃቸውም ነገሩን። ባላቸው ግንበኛ ነበሩ፤ እሳቸው ሲሚንቶና አሸዋ እያቦኩ፣ ድንጋይ እያቀበሉ አብረዋቸው ይሠሩ ነበር። ባላቸው ሲሞቱ መደብሩን ከፈቱ። በመጀመሪያው ክረምት ያላቸውን ሁሉ ሲሚንቶ አድርገው ወለሉ ላይ ከመሩት።

«ጣሪያው አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። በየቀኑ አንጋጥጬ አየው ነበር። መስከረም ላይ ታችኛውን ከረጢት ባነሳው ድንጋይ ሆኗል። ሁለተኛው ረድፍም ድንጋይ። ለካ እኔ ወደ ላይ ሳንጋጥጥ ሲሚንቶዬ ከመሬት የሚወጣውን ውኃ ይጠጣል ኖሯል። ሦስት ቀን አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ውኃ ይወርዳል ብቻ የሚለኝን ሰው አላምንም። ይወጣል፤ ወደ ጎን ይሄዳል፤ በክር ቀዳዳ ይገባል።»

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አወጡ። ውኃ የሚከላከል ነገር የገዛቸውን ሰው ሁሉ፣ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ገበያ ላይም ይሁን ለቅሶ ቤት ሲያገኙት ይጠይቁታል፤ «ያ ነገር እንዴት ሆነ? የት ቀባኸው? ፀሐይ ያገኘዋል?» የሚሸጡትን ከማወቅ አልፈው የሸጡት ነገር የት ደርሶ ምን እንደሆነ የሚከታተሉ ነጋዴ ከእሳቸው በቀር እኔ አላየሁም። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር ማስረጃ ምን እንደሆነ ብዙ ተነግሮኛል፤ ቦቲ ተጫምቶ ሲሄድ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

የኋላውን ግድግዳ ለመቆፈር ክረምቱ እስኪወጣ ጠበቅን። በጥቅምት የሰፈር ሰዎች በደቦ መጡልን፤ ግድግዳውን ተከትለን ከወለሉ በታች እስክንደርስ ቆፈርን። ጥቁሩ መረሬ አፈር ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ክፉ አፈር ነው፤ አካፋ ላይ ይጣበቃል። ግንበኛችን ግድግዳውን አጥቦ ለሰነው፤ ልስኑ ሲደርቅ ያችን የተረፈች የበርሜል ሬንጅ ከውጭ በኩል ሁለት ጊዜ ቀባነው። ጉድጓዱን ልንመልሰው ስንል እማማ ደረሱ።

«ያንኑ መረሬ ነው የምትመልሱበት?» አሉ። «ውኃ ያቆረውን አፈር ነቅላችሁ መልሳችሁ ልታቅፉት? ጠጠር አምጡ። ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ቱቦ አድርጉና ውኃውን በቁልቁለቱ ሸኙት። ውኃ መሄጃ ካገኘ ከማንም አይጣላም።»

መታጠቢያ ቤቱ ላይ ሬንጁን ፍቀን አነሳነው። እማማ ለዚያ የሸጡልን ከሲሚንቶ ጋር የሚቦካ፣ ሲደርቅ ትንሽ የመለጠጥ ጠባይ ያለው ነገር ነው። ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አቋርጦ። ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ጥግ ላይ መረብ ጨርቅ ተጣበቀ። ሴራሚኩ በላዩ ያዘ።

ለገንዳው የሰጡን ሌላ ነው፤ ለመጠጥ ውኃ የሚሆን መሆኑን ከረጢቱ ላይ ጣታቸውን አድርገው አስነበቡኝ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ የትኛው መስመር ላይ እንደተጻፈ ግን ያውቃሉ። ተቀብቶ ደርቆ ከተሞላ በኋላ መጥተው በኩባያ ቀዱ፤ አሸተቱት፤ ተጉመጥምጠው ተፉት። «የመጀመሪያው ውኃ የቅቡን ሽታ ያጥባል፤ አፍስሱት» አሉ። ያን ሁሉ ውኃ አፈሰስነው። ለሁለተኛ ጊዜ ስንሞላው ተመልሰው መጡ፤ «ቢስሚላህ» ብለው ኩባያውን እስከ መጨረሻው ጠጡና ለባለቤቴ መለሱላት። ከዚያ በኋላ ነው እኛ የጠጣነው።

አንድ ነገር ተሳሳቱ። እሱንም መናገር አለብኝ፤ ይበልጥ ያከበርኳቸው በእሱ ነውና። ለሶሌታው የመከሩን መታጠቢያ ቤቱ የተቀባውን ያንኑ ነበር። የሚቀጥለውን ክረምት ደህና ያዘ፤ በረዶ ጥሎበት እንኳ ያዘ። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ቀን ፀሐይ ሌሊት ውርጭ ሲፈራረቁበት ዳሩ ላይ፣ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት በኩል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አወጣ። ከዚያ በበልግ ዝናብ ጠብ ማለት ጀመረ። ልነግራቸው አፈርኩ። ባለቤቴ ነገረቻቸው።

በዚያው ቀን መጡ። ሶሌታው ላይ በርከክ ብለው ስንጥቁን በጥፍራቸው ተከተሉት። ግንበኛው አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

«ግንበኛው አይደለም የተሳሳተው» አሉኝ እሱ እየሰማ። «እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ። ይኼን ነገር ቤት ውስጥ ሲሠራ ነው ያየሁት፤ ፀሐይና ውርጭ ሲፈራረቁበት አላየሁም። ያላየሁትን እንደማውቅ አድርጌ ነገርኩህ። አውፍ በለኝ።»

«ኧረ እማማ፣ እርስዎ ምን አጠፉ?» አልኩ።

«አጠፋሁ እንጂ! አጠፋሁ ካላልኩ ነገ ለሌላው ሰው እደግመዋለሁ።»

በኋላ እንደሰማሁት በዚያው ሳምንት ያንኑ የመከሯቸውን ሁለት ቤቶች በእግራቸው ዞረው፣ ሳያፈስባቸው በፊት፣ ስህተታቸውን ተናግረዋል። ደሴ ወዳለ አንድ የሚያውቁት ባለሙያ ደውለውም ረጅም ሰዓት ጠየቁት። ከዚያ ለሶሌታው የተላከልን በእሳት እየሞቀ የሚለጠፍ ጥቅል የሬንጅ ምንጣፍ ነው። መጀመሪያ ውኃው ወደ መውረጃው እንዲያዘነብል ወለሉ ተስተካከለ፤ ምንጣፉ ተለጠፈ፤ ግድግዳው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ወጣ፤ ፀሐዩ እንዳያቀልጠው በላዩ ስስ ሲሚንቶ ተመረገ። እማማ መውረጃውን በጨርቅና በጭቃ አስደፍነው ውኃ አስሞሉት። አንድ ሙሉ ቀን እንደ ኩሬ ተኛበት። ከሥሩ ኮርኒሱን ስዳስሰው ደረቅ ነበር። የባለቤቴ ልብስ ዛሬም እዚያው ይሰጣል።

ቤታችን አሁን አምስት ቦታ አምስት ዓይነት ነገር ተደርጎለታል፤ ማድቤቱ ደግሞ ከጭቃና ከኖራ በቀር ምንም የለውም፤ ከሁሉም የሚያምረውም እሱ ነው። እማማ መደብሩን ለሴት ልጃቸው እያስረከቡ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን አሁንም ቤት ማየት አይተዉም። ባለፈው ነሐሴ መንገድ ላይ አገኙኝና፣ «መምህር፣ ና አብረን እንሂድ፤ ሰው ሁሉ ሬንጅ አምጡ ይለኛል፤ አንድ ምስክር ይኑረኝ» አሉኝ።

የሄድነው ወደ አንድ መድረሳ ነው። አሮጌ የሃይማኖት መጻሕፍት፣ ኪታቦች፣ የሚቀመጡበት ክፍል ግድግዳው ረጥቦ ሻጋታ ይዟል። ሼሁ እጅግ ተጨንቀዋል፤ «ከአባቶቻችን የወረስናቸው ናቸው፤ ጣሪያው ያፈስሳል መሰለኝ» አሉ። እማማ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ፤ ውጭ ወጥተው ዞሩት፤ ተመልሰው ገቡ። ከዚያ ከቦርሳቸው አንድ ቁራጭ ላስቲክ አውጥተው ግድግዳው ላይ ዳር ዳሩን በፕላስተር አጥብቀው ለጠፉት።

«ሦስት ቀን አትንኩት» አሉ። «ላቡ ከላስቲኩ ኋላ ከመጣ ግድግዳው ነው። ከፊት ከመጣ እናንተ ናችሁ።»

«እኛ?» አሉ ሼሁ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰን ስንሄድ ጠብታው ከፊት፣ በክፍሉ በኩል ነበር። ላስቲኩ ሲላጥ ከሥሩ ያለው ግድግዳ ደርቋል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ተማሪው፣ ደረሳው ሁሉ፣ ብርዱን ፈርቶ መስኮቱን ዘግቶ ከጠዋት እስከ ማታ ኪታብ ይቀራበታል፤ እስትንፋሱ ሁሉ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውኃ ይሆናል።

«ታዲያ ምን እንቀባው?» አሉ ሼሁ።

«ምንም። መስኮቱን ክፈቱ። የቂርአቱን ትምህርት ወደ ሰፊው ክፍል አዙሩት፤ እዚህ ኪታቡ ብቻ ይደር።»

«ምንም ሳትሸጡልን ልትሄዱ ነው?»

«የሚያስፈልጋችሁ ነገር የለም። ዱዓ አድርጉልኝ።»

ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉላቸው። እማማም እኔም አሚን አልን። መስኮቱ ወዲያው ተከፈተ፤ ቀዝቃዛ አየር ገባ። እማማ ደጃፉ ላይ ቦቲያቸውን አጥልቀው ጃንጥላቸውን አነሱና፣ ከገበያው በላይ ወለሉ ከመሬት ውኃ የሚያመነጭ አንድ እህል ቤት እንደሚጠብቃቸው ነግረውኝ ዳገቱን ተያያዙት።